የአያቶቻችሁን የድንጋይ ቤት ከማስነካታችሁ በፊት

ጎጃም ውስጥ የድሮ የድንጋይ ቤት የወረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ግንበኛ ይጠራል፣ አሸዋና ሲሚንቶ ያስመጣል፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያስለስናል። ቤቱ ለጥቂት ዓመት አዲስ ይመስላል። ከዚያ ልስኑ እየተነፋ ይላቀቃል፣ የግድግዳው የታችኛው ክፍል አልደርቅ ይላል፣ ቀጥሎ አንዱ ጎን ሆዱን ያወጣል። በመጨረሻ «ድሮም አርጅቶ ነበር» ተብሎ ይፈርሳል። በእርጅና አይደለም የፈረሰው። የድንጋይ ቤት ውሃ ስለገባበት ብቻ አይወድቅም፤ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ነው የሚወድቀው። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ ይገባችኋል።

ቤታችሁን መጀመሪያ ራሳችሁ መርምሩት። መሐንዲስ መሆን አይጠበቅባችሁም። ክር፣ ምስማር፣ ሎሚ፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እንዴት እንደሚመረመር ለማሳየት አንድ ሩቅ አገር ያለ ቤት ምሳሌ አደርጋለሁ፣ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ የሚገኘውን ኬልምስኮት ማነር። የመረጥኩት የገበሬ ቤት ስለሆነና ስለ አሠራሩ ብዙ ስለተጻፈ ነው። ደግሞ እኛ ዛሬ የምንሠራውን ስህተት እንግሊዞች ቀድመውን ሠርተውታል፣ መፍትሔውንም ፈልገው አግኝተዋል።

ኬልምስኮት ከኦክስፎርድ በስተ ምዕራብ፣ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ቤቱን በ1570 ገደማ የሠሩት ተርነር የሚባሉ ደህና ሀብት ያፈሩ ገበሬዎች ናቸው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአገራችንን አዋጅ ስጠቅስ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ይሆናል።) ግድግዳው ከአካባቢው የወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ የጣሪያው ክዳን ሳይቀር ድንጋይ ነው። በ1871 ዊሊያም ሞሪስ የተባለ ገጣሚና የእጅ ጥበብ ሰው ተከራየው፣ በ1896 እስኪሞትም አልለቀቀውም። ይኸው ሰው በ1877 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የድሮ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዞች የድሮ ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን «እናድሳለን» እያሉ ልስኑን ይፍቁ፣ የሰባት መቶ ዓመት ግድግዳ አፍርሰው በአዲስ ይተኩ ነበር። ሞሪስና ጓደኞቹ ያሉት ቀላል ነገር ነው፦ አታድሱ፣ ጠግኑ፤ ትንሹን ጉዳት ሳይገፋ በየጊዜው ያዙት። እኔም የምላችሁ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከሩቅ ጀምሩ

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ አትለጠፉ። ሠላሳ አርባ እርምጃ ራቁና ቤቱን በሙሉ እዩት። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። ፀሐይ ከጎን ስትመታ ትንሽ እብጠት እንኳ ጥላ ይጥላል፣ በቀትር ግን ሁሉም ሜዳ ይመስላል። የጣሪያው ጫፍ ቀጥ ብሏል ወይስ መሐሉ ረግቧል? ማዕዘኖቹ ቆመዋል ወይስ ወደ ውጭ ዘመዋል? አራቱንም ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ካነሳችሁት ከማንኛውም ባለሙያ ሪፖርት የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ቱምቢ ያለው ግንበኛ ጎረቤት ካላችሁ ተዋሱት። ከሌለ ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ እሰሩ። ከጣሪያው ሥር አንጠልጥሉትና ክሩ ከግድግዳው ያለውን ርቀት ላይ፣ መሐል ላይ፣ ታች ላይ ለክታችሁ ጻፉ። ከክረምት በኋላ እንደገና ለኩ። ከድሮ ጀምሮ የዘመመ ግድግዳ ብዙ አያስፈራም፣ እንግሊዝ አገር ዘሞ መቶ ዓመታት የቆመ ቤት ሞልቷል። የሚያስፈራው በአንድ ዓመት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነው። ስንጥቅ ካለም እንዲሁ፦ ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን አጠገቡ ጻፉ፣ በስንጥቁ ላይ ትንሽ የጀሶ ልስን አጋድሙበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ደህና ከሆነ ስንጥቁ የድሮ ጠባሳ ነው፣ መሙላት ብቻ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ክፍሎቹን በደብተር ላይ ሳሉ። በልኬት የተስተካከለ ባይሆንም ግድ የለም። የእንግሊዝ ገጠር የድሮ ቤት ብዙ ጊዜ መሐሉ አዳራሽ ነው። ከፊት በር ወደ ኋላ በር የሚወስድ መተላለፊያ አዳራሹን ከወጥ ቤቱና ከጓዳው ይለየዋል፣ በሌላው ጫፍ የባለቤቶቹ እልፍኝ አለ። አዳራሽ፣ ጓዳ፣ እልፍኝ። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ስትስሉ የእያንዳንዱን ግድግዳ ውፍረት በር ላይ ለኩ። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ የቀጠነ ግድግዳ ካለው ያ ክፍል ኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

ግድግዳው ሁለት ነው

አሁን ቅረቡ። ከውጭ አንድ ግድግዳ ታያላችሁ፤ በእውነት ግን ሁለት ረድፍ ነው፣ አንዱ ወደ ውጭ የሚያይ፣ አንዱ ወደ ውስጥ። በመሐላቸው ስብርባሪ ድንጋይ ከጭቃ ወይም ከኖራ ጋር ተሞልቷል። በዚህ ነገር የእንግሊዙ ገበሬ ቤትና ሞጣ ወይም ቢቸና ያለ የአያት ቤት አንድ ናቸው። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱን ረድፎች አንድ ላይ የሚይዙት ከፊት እስከ ኋላ ዘልቀው የሚገቡ ረጃጅም ማሰሪያ ድንጋዮች ናቸው። ማሰሪያ ያነሰው ግድግዳ ውስጡ ሲረጥብ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ የውጩ ረድፍም ወደ ውጭ ይነፋል። በትንሽ መዶሻ በቀስታ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድፍን ድምፅ ካለው ደህና ነው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከኋላው ክፍተት አለ፣ ቦታውን በጠመኔ ክበቡት።

ማዕዘኖቹን ደህና አድርጋችሁ እዩ። ጎበዝ ግንበኛ ትልልቁንና በደንብ የተጠረበውን ድንጋይ ለማዕዘን ያስቀምጣል፣ አንዱን ረጅም ጎኑን ወደዚህ፣ ቀጣዩን ወደዚያ እያደረገ ያቆላልፋል። በግድግዳው መሐል ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ መጋጠሚያ ካገኛችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር አገኛችሁ። እዚያ ጋ ቤቱ አንድ ጊዜ አልቆ ነበር ማለት ነው፤ ከመጋጠሚያው ወዲያ ያለው ኋላ ተቀጠለ። ኬልምስኮት ላይም ከመጀመሪያው ግንባታ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሌላ ክንፍ ተጨምሯል። ክፍሎቹ ከፍ ያሉ፣ ባለ ትልልቅ መስኮት ናቸው፤ የጊዜው ፋሽን ተለውጦ ነበር፣ ቤተሰቡም ከፍ ብሎ ነበር። የቤታችሁን ታሪክ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለውን ካያችሁ በኋላ ወደ መንደሩ ሽማግሌ ሂዱና «አያ፣ ይቺ ጓዳ መቼ ተቀጠለች?» ብላችሁ ጠይቁ። በደፈናው «ስለ ቤቱ ንገሩኝ» ከማለት ይልቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ያስታውሳቸዋል።

የድንጋዩ ዓይነት ላይ ግን ከእንግሊዙ ቤት እንለያለን፣ ልዩነቱም ለጥገናው ወሳኝ ነው። የኬልምስኮት የኖራ ድንጋይ ውሃ ይመጥጣል፣ መልሶም ያወጣል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ከባሕር ሥር በንብርብር የተፈጠረ ስለሆነ መሬት ውስጥ እንደተኛው ተኝቶ መገንባት አለበት፤ ንብርብሩን ወደ ውጭ አዙሮ ያቆመ ግንበኛ ድንጋዩ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ሲላጥ ያየዋል። የጎጃም ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ የሚገኘው ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ ውሃ በውስጡ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ዝናቡም እርጥበቱም መግቢያና መውጫው በድንጋዮቹ መሐል ያለው ማያያዣ ብቻ ነው። ያንን በሲሚንቶ ስትደፍኑት ድንጋዩ ላይ ምንም አይታይም። ጉዳቱ ውስጥ ነው፣ መሐል ያለው ጭቃ ይረጥባል፣ ይለሰልሳል፣ ሸክም መያዝ ያቅተዋል። እንግሊዝ አገር ሲሚንቶ ሲደረግ ድንጋዩ ራሱ ስለሚፈረፈር ባለቤቱ ቶሎ ይነቃል፤ እኛ ጋ ግን ግድግዳው እስኪነፋ ድረስ የሚናገር ምልክት የለም። ለዚህ ነው እኛ የበለጠ መጠንቀቅ ያለብን።

ማያያዣውን በምስማርና በሎሚ ፈትኑ

መጋጠሚያው ውስጥ ያለውን በምስማር ጫሩት። በቀላሉ ዱቄት ሆኖ የሚወርድ፣ ቡናማ ወይም ቀይ ከሆነ ጭቃ ነው። ነጣ ብሎ በጥፍር የማይቆረስ በምስማር ግን የሚጫር ከሆነ ኖራ መሆኑ አይቀርም፤ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ኖራ ያለበት አረፋ ያወጣል፣ ጭቃ ግን ዝም ይላል። ምስማሩ የሚንሸራተትበት ግራጫ ነገር ሲሚንቶ ነው፣ ኋላ የመጣ ነው። ሲሚንቶ ያለበትን ቦታ ሁሉ በሥዕላችሁ ላይ አመልክቱ። እርጥበት ያለበትንም በሌላ ቀለም አመልክቱ። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚገጣጠሙ ስታዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

ኖራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በኖራ መገንባት ተስፋፋ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የድንጋይ ድልድይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። መርጡለ ማርያም ላይ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም እንደገና የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም ጥርቡን እያሳየ ቆሟል። የጎጃም ልጅ የሆነ ግንበኛ ሁሉ አንድ ቀን ሄዶ በዓይኑ ቢያየው ደስ ይለኛል። ከጽሑፍ የማይገኝ ትምህርት አለው፣ በተለይ ድንጋዮቹ ምን ያህል ተቀራርበው እንደተቀመጡ።

ሲሚንቶ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶን በ1824 በስሙ ያስመዘገበው ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ሰው ነው። ለኮለን፣ ለአዲስ ፎቅ፣ ለድልድይ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ከሲሚንቶ ጋር ጠብ የለኝም። የድሮ ግድግዳ ሕግ ግን ሌላ ነው፦ ማያያዣው ከድንጋዩ የለሰለሰ መሆን አለበት። ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ማያያዣው ይሸከመዋል፣ እርጥበቱም በእሱ በኩል ይወጣል። ማያያዣው በየጥቂት አሥርት ዓመቱ ይለወጣል፣ ድንጋዩ ይኖራል።

በር፣ መስኮትና ጭስ

የእንግሊዝ የድሮ ቤት መስኮት ሰፊ ቢሆንም በቀጫጭን የድንጋይ ዓምዶች የተከፋፈለ ነው፣ ምክንያቱም ድንጋይ በጣም ረጅም ሆኖ ያለ ደጋፊ ከተጋደመ ይሰበራል። ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ የድንጋይ ቅንድብ ይደረጋል፣ ጌጥ ይመስላል፣ ሥራው ግን ከግድግዳው የሚወርደውን ዝናብ ከመስኮቱ ማራቅ ነው። አንዳንድ ቤት ላይ በድንጋይ የተደፈነ መስኮት ታያላችሁ። ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ብዛት ግብር ይከፈል ስለነበር አንዳንዱ ሰው ግብሩን ሽሽት ደፍኖታል፤ ሌላው ደግሞ ክፍሉን ሲለውጥ የደፈነው ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ላይ የተደፈነ ነገር ካያችሁ ምክንያቱን ለመገመት አትቸኩሉ፣ ጻፉትና እለፉ።

እኛ ጋ ከበርና ከመስኮት በላይ ያለው ጉበን ብዙ ጊዜ ወይራ ወይም ጽድ ነው። በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ቢላዋው ጠልቆ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ አለ፣ ያ ደግሞ ከሁሉም ሥራ ይቀድማል። ብርሃን ለማስገባት ብላችሁ መስኮት አታስፉ። ሲያሰፉ ማሰሪያ ድንጋዮቹን ይቆርጣሉ፣ ከላይ ያለው ሸክም መሄጃ ያጣል። ብርሃን ከፈለጋችሁ የውስጡን ግድግዳ ነጭ ኖራ ቀቡት፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጭሱንም አትናቁት። እንግሊዞች የድሮ ቤት ሲመረምሩ መጀመሪያ ከሚያዩት አንዱ የጣሪያው እንጨት ነው፣ ጥቀርሻ የያዘ ከሆነ አዳራሹ መሐል ላይ እሳት ይነድ ነበር ማለት ነው። የጭስ ማውጫ በገበሬ ቤት የተለመደው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ጭሱ በክዳኑ ውስጥ ሾልኮ ይወጣ ነበር፣ ልክ እንደ እኛ ማጀት። ስለዚህ የእናታችሁ ማጀት ጣሪያ ጥቁር ቢሆን በሳሙናና በብሩሽ አትፈትጉት። ዕድሜውን የሚነግራችሁ እሱ ነው፣ እንጨቱንም ከነቀዝ ሲጠብቅ ኖሯል።

ጣሪያው፣ ብዙ ቤት የተበላሸበት ቦታ

ኬልምስኮት አካባቢ ያለው የጣሪያ ድንጋይ አሠራር ያስደንቃል። ስቶንስፊልድ በተባለ ቦታ ድንጋዩን ቆፍረው ያወጡና በክረምቱ ውርጭ ላይ እርጥቡን ያስቀምጡት ነበር። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ድንጋዩን በስስ በስሱ ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀውን በመጠን ይለያሉ፣ ትልልቁን ከታች በጣሪያው ጠርዝ፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር አነስ አነስ ያለውን ይደረድራሉ። ሞሪስ በዚህ አደራደር ይመሰጥ ነበር። ደግሞ ትርጉም አለው፣ ብዙ ውሃ የሚያልፈው ታች ጠርዙ ላይ ስለሆነ መጋጠሚያ ያነሰው ትልቅ ድንጋይ እዚያ ያስፈልጋል። ጣሪያውም ቀጥ ያለ ተዳፋት ነው፣ ውሃ እንዳይተኛበት።

የእኛ ሳር ክዳንም እንዲሁ በዕውቀት የተሠራ ነበር። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጠርዙም ከግድግዳው ብዙ ወጣ ብሎ ስለሚወርድ ዝናቡ ከግድግዳው ርቆ ይወድቃል። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ጥሩ ነው፣ አያፈስም፣ በየጊዜው ሳር ፍለጋ አያስኬድም። ችግሩ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ተብሎ ጠርዙ አጠረ፣ የክረምት ዶፍ በቀጥታ ግድግዳው ሥር መውደቅ ጀመረ፣ መሬት ነጥሮም ግድግዳውን ከታች መምታት። ሰኔ ላይ ጀምሮ እስከ መስከረም ይህ ሲደጋገም የትኛው የጭቃ መጋጠሚያ ይችላል? ስለዚህ ለአያታችሁ ቤት አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉበት ገንዘብ ካላችሁ ጠርዙን አስረዝሙ። ከግድግዳው ስልሳ ሳንቲም ወጣ ቢል ጥሩ ነው፣ ከዚያም ቢበልጥ እሰየው። አሸንዳ አድርጉለት፣ የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበትንም ከግድግዳው አርቁት። አሸንዳ አድርጎ ውሃውን ማዕዘኑ ሥር የሚለቅ ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ ከዚያስ ባይኖር ይሻላል።

መሬቱንም አትርሱ። ግቢ በየዓመቱ አፈርና ቆሻሻ እየጨመረ ከፍ ይላል፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ደግሞ ከቤቱ ወለል በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አፈሩን ከግድግዳው ቆርጣችሁ ወደ ቀድሞው ቦታው አውርዱት። ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቅ ብላችሁ ቦይ ቅደዱ። ቦዩን ከግድግዳው አስጠግታችሁ፣ ጥልቅ አድርጋችሁ አትቆፍሩ፤ የድሮ ቤት መሠረት ጥልቅ ላይሆን ይችላል፣ ቆፍራችሁ ሥሩን ታጋልጡታላችሁ። ከግድግዳው ተጠግቶ የበቀለ ባሕር ዛፍ ካለ ቁረጡት፣ ጉቶውን ግን አትንቀሉ፣ ሥሩ ከመሠረቱ ጋር ተቆላልፎ ሊሆን ይችላል።

ጥገናው

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። መጀመሪያ ጣሪያና ውሃ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ በጋ ቤቱ ይድረቅ፣ ከዚያ መጋጠሚያ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ ብክነት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣል፣ ገባኝ፣ ገንዘቡ እጅ ላይ እያለ መጠበቅ ከባድ ነው። ግን የሚያዋጣው እሱ ነው።

የሲሚንቶውን መጋጠሚያ በመሮና በመዶሻ በቀስታ አውጡት። ግራይንደር አታስገቡ፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል። ድንጋዩን አጥብቆ ይዞ እምቢ ካለ ተዉት፣ ጊዜ ራሱ ያላቅቀዋል። የላላውን ብቻ ሁለት ሦስት ሳንቲም ያህል ወደ ውስጥ ጥረጉ፣ ደህና የሆነውን የድሮ ማያያዣ አትንኩ። አቧራውን በብሩሽ አውጡና ውሃ እርጩበት።

ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ውስጡን በጭቃ ሙሉት። ለጭቃው አፈር ስትመርጡ ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ተዉት፣ እሱ ሲረጥብ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥልቀት ካለው ቦታ የወጣ ቀይ አፈር ይሻላል። ጥቂት አፈር በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ናጡና አሳድሩት፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይረጋል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ጨምሩ። የጤፍ ጭድ ቀላቅላችሁ ረግጣችሁ ለጥቂት ቀን አቡኩት። ይህን የጎጃም እናቶች ከማንም በላይ ያውቁታል፣ እነሱን ጠይቁ።

የውጩን ጫፍ በኖራ መጨረስ ይቻላል፣ ኖራ እርጥበት ያስወጣል። ልኩ በተለምዶ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ነው። ኖራ ማለት የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። ያልበረደው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ስታበርዱ ሁልጊዜ ኖራውን ወደ ብዙ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስሱ። መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፣ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ፣ ዓይን ያጠፋል። በርዶ ከአሸዋው ጋር ግድግዳ ላይ ከገባ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ ብሎ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ቀስ ብሎ ስለሆነ ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ሸፍኑበትና አንድ ሳምንት ያህል ውሃ እየረጫችሁ ጠብቁት። ጊዜው ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ነው። ሚያዝያ ላይ አትጀምሩ፣ ሳይጠነክር ዝናብ ይደርስበታል።

ሆዱን ያወጣ ግድግዳ ካላችሁ ይህ ሁሉ አይሠራም። አትንኩት፣ በእንጨት ደግፉት፣ ከሥሩ ሰው አታስተኙ፣ መሐንዲስ ጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አሁን አሁን እየበዛ ነው። ለሎጅና ለምግብ ቤት የድሮ ልስን ፍቆ ድንጋዩን ማሳየት ፋሽን ሆኗል። ድንጋዩ ያምራል፣ አልክድም። ግን ያንን ግድግዳ የገነባው ሰው ሊለሰን ነው የገነባው፣ ልስኑ የቤቱ ልብስ ነው። የሞሪስ ማኅበር ከተቋቋመበት ምክንያት አንዱ ይኸው ልስን መፋቅ ነበር። ከመጀመሪያው ተለስኖ የነበረ ቤት ይለሰን፣ ድንጋዩ እንዲታይ ተጠርቦ የተገነባውም ይታይ።

ፈቃድና ግንበኛ

ኬልምስኮት ማነር በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ አንደኛ ደረጃ የያዘ ነው፤ ከ1968 ሕግ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቤት ያለ ፈቃድ መቀየር አይቻልም። እኛም ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገንን ይከለክላል። ቤታችሁ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ወይም የመኳንንት ግቢ ክፍል ከነበረ፣ ከሥራው በፊት የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የሣላችሁትን ሥዕልና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ብትሄዱ ውይይቱ ፈጥኖ ወደ ቁም ነገር ይገባል።

ግንበኛ ስትመርጡ ስንት ፎቅ ሠርተሃል አትበሉ። በጭቃና በኖራ የሠራውን አንድ ግድግዳ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ክረምት ያለፈበት ይሁን። ከተስማማችሁ ሙሉ ቤቱን በኮንትራት አትስጡት። ከቤቱ ጀርባ፣ ዝናብ በሚበረታበት በኩል፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለሙከራ አሠሩት፣ ሒሳቡን ክፈሉት፣ ድብልቁን በምን ልክ እንዳደረገ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። አንድ ክረምት ይለፍበት። መስከረም ሲጠባ በምስማር ጫሩት፣ በመዶሻ አንኳኩት፣ ከአጠገቡ ካለው ግድግዳ ጋር አስተያዩት። ሳይሰነጠቅና ሳይላቀቅ ደርቆ ካገኛችሁት ያንኑ ሰው በዚያው ልክ ጥቅምት ላይ ቀሪውን አስጀምሩት።